በስምሽ የተቆረጠ ትኬት

ለምወድሽ፣ ከምወድሽም በላይ ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬስ እሺ ብላ ትበላለች ወይስ አሁንም ማንኪያ ሲቀርባት አፏን ትገጥማለች? እኔ ደኅና ነኝ። አልጋ አለኝ፣ ቁርስ አለኝ፣ ማሞቂያም አለኝ። በዋጋው ውስጥ ያልተካተተው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ግን እታለም፣ በስልክ ውሸት እንደሚቀናኝ ታውቂያለሽ። በጽሑፍ ሲሆን የሰው ስሕተት ሳርም ሃያ ዓመት የኖርኩ ነኝና የራሴን አይቼ ማለፍ ያቅተኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቴ የትም አልላከኝም። ማተሚያ ቤት በገና ሰሞን አራሚውን ውጭ አገር የሚልክበት ምክንያት እንደሌለው ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር፤ አንቺ ግን «እንግዲህ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» አልሽኝ። ያን ከጋዜጣ ቆርጠሽ የማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍሽውን «ገናን ውጭ አገር በቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ አስታውሺው። እማዬን ባስታመምሽበት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለራስሽ ያሰብሽው የመጀመሪያ እረፍት ነበር፤ እማዬን ደግሞ ሁለት ሳምንት እኔ ልይዝልሽ። አልችልም ስልሽ የቆረጥሽውን ትኬት አውጥተሽ «በል ሂድና መልስልኝ» አልሽ። ገንዘቡ አይመለስም፣ ትኬቱ ግን ለቤተሰብ ይተላለፋል አሉኝ። ላንቺ «ተቃጠለ» አልኩሽ። አልተቃጠለም። ይዤው መጣሁ።

አሁን የምጽፍልሽ ካንቺ ክፍል ሆኜ ነው። «የባሕር እይታ ያለው» የተባለው መስኮት እውነት ነው፤ ወንበር ላይ ቆመሽ አንገትሽን ወደ ግራ ብትቆለምሚ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የመሐረብ ያህል ውሃ ይታያል። በቀን ስድስት ጊዜ አየዋለሁ። መቀመጥ አልቻልኩማ! ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ደረጃ፣ ከደረጃ ወደ መንገድ ነኝ። ትናንት አንዱን ጎዳና አራት ጊዜ ስመላለስበት ያየኝ የመንገድ ጠራጊ «የጠፋብህ ነገር አለ እንዴ ወንድሜ?» አለኝ። «የለም፣ እየተዝናናሁ ነው» አልኩት። ከልቡ አዘነልኝ።

ቁርስ ላይ ሰባት ነን፣ ሰባታችንም ብቻችንን የመጣን። ለምን መጣችሁ ሲባል ሁሉም «ርካሽ ስለሆነ» ይላል። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ሻይ እየቀዳችልን ሳቀች። «ተዉ እንጂ ልጆቼ! ባሕሩ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አለ፤ ክፍሎቼ የሚሞሉት ግን ገና ሲመጣ ነው። እዚህ ረክሶላችሁ አይደለም፣ ቤታችሁ ተወዶባችሁ ነው» አለች። አጠገቤ ያለው ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ያለ ማደንዘዣ ነቀለችው» አለኝ።

እኔን ቤቱ መቼ እንደተወደደብኝ ልንገርሽ። ባለፈው ወር ነው። አንቺ የሰፋሽውን ልብስ ልታደርሺ ወጥተሻል፣ እኔ እማዬን ምሳ አበላለሁ። መቼም መርሳቱ ከጀመራት ወዲህ እኔን አባዬ አድርጋ ነው የምታየኝ፤ እኔም እንደ ወትሮው «አቤት የኔ እመቤት» እያልኩ ነው። ድንገት እጄን ያዘችና፣ «በል ቁርጡን ንገረኝ። ሁለቱን ማስተማር አንችልም። ልጅቷ ትበልጠዋለች፣ መምህሯም መስክሯል። እሱ ደግሞ ወንድ ነው። ማንኛቸው ትምህርቱን ይተው?» አለችኝ።

እታለም፣ ማንኪያው እጄ ላይ ነው፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። ሐኪሙስ «አትቃረኗት፣ እፎይ የሚያሰኛትን መልሱላት» ብሎን የለ? ልክ እንደ አባዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ «እሱ ይማር» አልኳት። እፎይ አለች። አፏን ከፈተች፣ ሾርባዋን ጨረሰች። አንቺም ስትመለሺ ባዶውን ሳህን አይተሽ «አንተ! ምን ብለህ ነው ያበላሃት? ተባረክ» አልሽኝ።

ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ትጠይቀኛለች። አምስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አራቴ ያንኑ መለስኩ። አምስተኛው ላይ «እሷ» ልል አፌን ከፍቼ ሳል ሆኖ ወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳ በመጣ ቁጥር ልጠየቅ መሆኑን ሳስብ ሸሸሁ፤ ያውም ባንቺ ትኬት። እንዲህ ያለ ነገር የልብ ወለድ ረቂቅ ውስጥ ባገኝ ደራሲውን «ተጋነነ» ብዬ ኅዳጉ ላይ እጽፍበት ነበር።

«ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቄ» እያልኩ ከተማውን ዞርኩት። ዳሩ ግን ያ ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፣ መሐሉ ላይ መጋረጃ። አባዬ ከወዲያ በኩል ጋዜጣ ሲያጥፍ እንኳ ይሰማን ነበር። ማን እንደሚማር በቆረጡ ማግስት ከደብተሮችሽ ያልተጻፈባቸውን ገጾች ነቅለሽ፣ በክር ሰፍተሽ፣ አንድ ወፍራም ደብተር አድርገሽ ሰጠሽኝ። ልጅ ሁሉን ይጠይቃል። እኔ ከየት አመጣሽው ብዬ አልጠየቅሁሽም።

ሐሙስ እመጣለሁ፣ በዓሉን አልጠብቅም። አዲስ ትኬት ቆርጬ ክፍሉን ለሁለት ሳምንት ባንቺ ስም አስይዤዋለሁ፤ ከገና በኋላ ጭራሽ ይረክሳል። ለማረፊያ ቤቱ ባለቤት ሁሉን ነገርኳት። «እህትህን በደስታ እቀበላለሁ፤ አንተን ግን እጥፍ ብትከፍልም ሁለተኛ አላስገባህም» ብላኛለች። ደብዳቤውን ነገ ቀድመው የሚመለሱትን እንግዶች ይዛ የምትሄደው አስጎብኚ ታደርስልሻለች፤ ሁለት ቀን ይቀድመኛል። ለመቆጣት ሁለት ቀን ካልበቃሽ በሩን አትክፈቺልኝ፣ ደረጃው ላይ እጠብቃለሁ።

እማዬ ስትጠይቀኝ ምን እንደምመልስላት እዚህ አልጽፍልሽም፤ ወረቀት ላይ ጀግና መሆን ሥራዬ ነው። ከመሄድሽ በፊት ግን አንዲት ምሳ ብቻ ቆዪልኝ። ከጎኗ ተቀመጪና ስሚኝ።

ወገብሽን ያጽናልሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ። ማነው የሳመኝ ካለችሽ «ልጅሽ ነው» በያት።

ታናሽ ወንድምሽ