ቁጥር ዐሥራ ሰባትን የቆረጥሁት እኔ ነኝ

ጋሼ አስማማው፣ እንደምን ዋልህ? ከማሳው ስትመለስ ይህን አንብብልኝ፤ ፊደል ከገደፍሁ እንደ ልማድህ በቀይ አስምርበት። የተጻፈው ግን ለአለቃህ ነው።

ለተከበሩ ዶክተር ሕዝቅኤል
የሙዝ ምርምር ጣቢያ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጤናዎ እንደ ጣና የሰፋ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የማይነቃነቅ ይሁን እያልሁ፣ በአጭር ሕመም የተለየን የጣቢያዎ ባልደረባ የአስማማው ታናሽ ወንድም፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪው ባምላክ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩. ወንድሜ፣ ባሕርያቸው እንዲለወጥ በጨረር ከተመቱት ሦስት መቶ የሙዝ ችግኞች መካከል አጠውልግ በሽታ ያልደፈረውን አንዱን፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባትን፣ ለይቶ ቀይ ክር አስሮበት ነበር። ምኑ እንደተለወጠ በዘረመል ምርመራ እንዲታወቅ ቅጠሉ ወደ አዲስ አበባ ይላክ ብሎ ያመለከተበትን ወረቀት፣ አቧራ እንዳይነካው አምስት ወር በመሳቢያዎ ስለጠበቁልን እናመሰግናለን።

፪. በቀብሩ ላይ «ሥራው አይሞትም» ስላሉ እናመሰግናለን። ንግግሩን ያልሰማው ማሳው ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አልተመደበለትም።

፫. ለአርባው ድፎ ዳቦ መጋገሪያ ቅጠል ከዚያው ማሳ እንድንቆርጥ የፈቀዱበት ደብዳቤ፣ ማኅተሙ ተመትቶ በአንድ ቀን ደርሶናል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በእርስዎ ስም ልቆጥረው አልቻልሁም። ገጀራ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ቢጫ ሆነው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንዱ ብቻ ሰፊ አረንጓዴ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። ለወንድሜ ዳቦ የሚገባው ይህ ነው ብዬ ከግንዱ ጣልሁት። ቀዩን ክርም ፈትቼ ቅጠሉን አሰርሁበት። ወንድሜ ስለዚያ ክር እራት ላይ ስንት ጊዜ ነግሮኛል፤ እኔ ስልኬን እየነካካሁ «እሺ» እል ነበር። አክስታችን እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ዳቦው አማረ ብለው ሲመርቁኝ አሜን አልሁ። የወንድሜን የማሳ ደብተር የከፈትሁት እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ነው።

አንዱን ማሳ ለማጥፋት ከእርስዎ ጋር በትጋት የተባበርሁ፣
አክባሪዎ ባምላክ

ማስታወሻ፦ ሙዝ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ደብተሩ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ዘመዶቻችን ወደ አንበሳሜ በተመለሱ ማግሥት፣ ብቻዬን በነቃሁበት በመጀመሪያው ጠዋት፣ ያለ ፈቃድዎ ወደ ማሳው ገባሁ፤ ውሃ ማኅተም የሚያስፈልገው ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ። ከጣና የቀዳሁትን አንድ ጀሪካን ጉቶው ላይ አፈሰስሁ። ክሩን አጥቤ መልሼ አሰርሁት። ውሃው እስኪሰርግ ቆምሁ፤ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ።