ከእማዬ ጋር ደመና ስናይ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከሰላምታዬ ቀድሞ ናፍቆቴ ይድረስህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

አንተ ከሄድክ ወዲህ አመሻሽ ላይ እማዬን ይዘን፣ እኔና ልጆቼ ኮረብታው ላይ በእግራችን መውጣት ለምደናል። ልጆቹ ስልኩን ረስተውታል፤ ስፌት ላይ ጎብጦ የሚውለው ወገቤም ለቀቅ ብሎኛል። አናቱ ላይ ስንደርስ ሣሩ ላይ እንጋደምና እማዬ፣ «እስቲ ያ ደመና ምን ይመስላችኋል?» ትለናለች። ትንሿ «አልጋ» ስትል ትልቁ «መርከብ» ይላል፤ ሰማዩ እስኪቀላ እንሳሳቃለን።

ሰሞኑን እማዬ ጨዋታውን መንገድ ላይ ትጀምረዋለች። መጀመሪያ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሆነ። ትናንትማ የቤታችን ደረጃ ላይ ተቀመጠችና፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ዛሬ ደመናው ራሱ መጥቶልናል፤ ምን ያለፋናል?» አለች። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ አንዱን ደመና አሳየችንና፣ «ያ ትከሻ የልጄ ነው» አለች። እስኪበተን ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

የዓመት ፈቃድህን ወደ በኋላ እንዳቆየኸው ጽፈህልኝ ነበር። በዚህ ወር ብታደርገው ምን ይመስልሃል? የዚህ ሰሞን ደመና ሲያዩት ደስ ይላል።

እማዬና ልጆቹ ስመውሃል። ዓይን ለዓይን እስክንተያይ ሰላም ሁንልን።

እህትህ