የእንዳልክን እጅ አይጠብቁ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ወንድሜ ለጋሼ ውድነህ፤

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ትንፋሽዎስ? እንቅልፉ ተመለሰልዎት ወይስ አሁንም ትራስ ደርበው ተደግፈው ነው የሚያድሩት? ባለቤትዎ እትዬ እንቁ ወገቧን ተሻላት? በዚህ ወር የድሬ ሙቀት ትንሽ ፋታ እንደሚሰጣችሁ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ዛሬ ጠዋት ከመኪናዬ መስታወት ላይ በረዶ ስፍቅ ጣቶቼ ደርቀው ቀሩ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ሌክውድ ያለውን የአረጋውያን ቤት ሥራዬን ወደ ሦስት ቀን ዝቅ አድርጌዋለሁ። እናንተን በጤና ስላቆየልኝ እግዚአብሔርን ሳላመሰግን የምውልበት ቀን የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እናንተ ቤት ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ከእርስዎ ጋር ሳወራ ልጅዎ ፋናም ትሰማለች፣ ጎረቤትም ይሰማል፣ አላፊ አግዳሚውም ሰላም ይለኛል። ይህ ነገር ደግሞ የእርስዎ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ መስፍን የሚባል የሰፈራችን ልጅ ለእህቱ ሠርግ ሲመጣ በእጁ እንዲያደርስልኝ ሰጥቼዋለሁ። እባክዎን ብቻዎን ያንብቡት።

ነገሩ የልጄ የእንዳልክ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምርልዎት።

ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ እንደ እርስዎ ኳስ ሊጫወት ነው ብዬ የደወልኩልዎትን ያስታውሳሉ? አሜሪካ ከገባን ገና ሦስት ዓመታችን ነበር። ከሰፈሩ የልጆች ቡድን የሚፈረም ወረቀት ይዞ መጣ። ባለቤቴ በድሉ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሥራ ላይ ነበር፤ እኔ ወጥ ጥጃለሁ። ወረቀቱ ላይ ፉትቦል የሚል አነበብኩ። ያቺን ቃል የማውቃት ከእርስዎ ነው፤ የፋብሪካውን ማሊያ ለብሰው በከዚራ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ፉትቦል ፉትቦል ይል ነበር። ልጁ አጎቱን ሊወጣ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ጀርባው ላይ ስለ ጉዳት የሚያወራ ረጅም ጽሑፍ ነበረው፤ ወጡ እንዳያርብኝ ስል ገልብጬ እንኳ አላየሁትም። እርስዎም የቡድንዎን ካልሲ በሰው ላኩለት፤ ሲለብሰው እስከ ብሽሽቱ ደረሰ።

ጨዋታውን ባየሁ ቀን እነዚያ ሕፃናት ሄልሜት ደፍተው እንደ ወይፈን ሲላተሙ፣ ልጄን ይዤ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። በድሉ በነጠላዬ ጫፍ ጎትቶ አስቀመጠኝ። የጨዋታውን ቪዲዮ ካሴት ብንልክልዎት፣ በእጅ የሚጫወቱት ምኑ ፉትቦል ነው ብለው ሳቁብን። እውነትዎን ነበር። የእንዳልክ ሥራው ከሩቅ የተወረወረ ኳስ እየሮጡ መቅለብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም በነጻ ያስተማረው በዚያ እጁ ነው። ሃቫና መንገድ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ ፎቶውን ከበርበሬው መደርደሪያ በላይ ሰቀለው። ስገባ የእንዳልክ እናት መጣች እያሉ ወረፋ ያስቀድሙኝ ነበር፤ አልዋሽዎትም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ኳሱን ቀልቦ ገና መሬት ሲረግጥ ሁለት ሆነው መቱትና ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ኋላ ደግፈው ሲያነሡት እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ ስታዲየሙ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሼ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሲጫወት አንድ ቀን በቃህ አላልኩትም።

ቀጥሎ ያለውን ያውቁታል። ኳሱን ትቶ ሕክምና ተማረ፣ እዚህ ዴንቨር ሆስፒታል ገብቶ በዚያው እጁ ሰው ቀዶ ማዳን ጀመረ። የዛሬ ሁለት ዓመት ድሬ መጥቶ አንገትዎን ዳስሶ፣ ይህን እንቅርት የማወጣው እኔ ነኝ አለ። እርስዎም የልጄ እጅ ካልሆነ የማንም ቢላ አይነካኝም ብለው ማሉ። እዚያ ያለችው ሐኪም እያደገ የአየር ቧንቧዎን ተጭኖታል፣ አይቆይ ስትልዎት፣ ልጄ በጥር ይመጣል ብለው መለሷት አሉ። የነገረችኝ ፋና ናት፤ አይቆጧት።

በፋሲካ ቤቴ እንግዳ ነበር። የበድሉን ደንብ እስከ ዛሬ አልተውኩም፤ ቧንቧ ቢኖርም እንግዳ ተቀምጦ ነው የሚታጠበው፣ የሚያስታጥበውም ዶክተር ቢሆን እንዳልክ ነው። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከሴንቴኒያል የመጡት ጋሽ ጳውሎስ ፊት ጎንበስ ሲል ውሃው መዳፋቸውን ሳተና ሸሚዛቸውን እስከ ክርናቸው አራሰው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ልታስታጥበኝ ነው ወይስ ልታጠምቀኝ ብለው ቀለዱ። እንዳልክ አልሳቀም። ማንቆርቆሪያውን ወደ ግራ እጁ አዙሮ ቀኝ እጁን ያያል። እጁ ባዶውን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሰኔ ራሱ ነገረኝ። የነርቭ ሐኪሞች መርምረውታል፤ ክኒኑ ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም። ከዚያ ከመላተሙ የመጣ ነው ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ በእርግጥ አናውቅም አሉን። እነሱ ባያውቁም ለእኔ ያቺ የፈረምኩባት ወረቀት ከዓይኔ አትጠፋም። እሱ ማንም ሳያስገድደው አለቃው ዘንድ ሄዶ፣ ከእንግዲህ ኦፕራሲዮን ክፍል አልገባም አለ። አሁን ተማሪዎች ያስተምራል። ከቤተሰብ የምናውቀው ሚስቱ አቢጊያና እኔ ብቻ ነን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አልቅሼ ዝም እል ነበር።

ለእርስዎ ግን እምቢ ማለት አቃተው። ለጥር ትኬት ቆርጧል። እዚያ ክሊኒክ ካለው ሐኪም ጓደኛው ጋር ቀን ይዟል፤ ስለ እጁ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰለትም። ክኒኑን ጠዋት ከዋጥኩ እስከ ምሳ ሰዓት እጄ ይቆምልኛል ይላል። እኔ ቁርስ ሲበላ አየዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይቆምለታል፣ አንዳንድ ቀን ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ይንኳኳል። አቢጊያ ለጓደኛው ልደውልለት ብትል ስድስት ቀን ዘጋት። እኔ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። አንሥቶ ግንባሬን ሳመኝና፣ «እማዬ፣ ይቺ ላስት ዋን ናት። ቃል ገብቼለታለሁ፤ እሱን ሠርቼ እተዋለሁ» አለኝ። እሱ የሚለው እርስዎን ነው፤ አንቱታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባውም። አንገት ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ እንደ ክር የቀጠነ ነርቭ እንዳለ ያስተማረኝም ይኸው ልጅ ነው።

ጋሼ፣ እኔ ላስቆመው አልቻልኩም። ያለኝን ሁሉ ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ እናትነቴም እዚህ ላይ አልሠራልኝም። እርስዎ ግን ይችላሉ። ነገ ዛሬ ሳይሉ ያቺ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና እሱ ሳይመጣ ይውጣልዎት። ሲመጣ ጠባሳዎን ያሳዩት። ይቆጣል፤ ይቆጣ። ትንፋሽ አጥሮኝ መጠበቅ አቃተኝ ይበሉት፣ ውሸትም አይደለም። እኔ መጻፌን ግን አይንገሩት።

እትዬ እንቁን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ የላከችልኝ ሚጥሚጣ ደርሶኛል ይበሉልኝ። ፋናን ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናታለሁ። ወንድሟ ምናሉ ሥራ ማግኘቱን ሰምቼ እልል ብያለሁ፤ ቀልጠፍ ብሎ ደግሞ ሚስት ይፈልግ። አቢጊያ እጅ ትነሣለች። የልጅ ልጄ ዮርዲ «ሃይ በይልኝ» ብላ፣ ያቺ ግቢያችሁ ያየቻት ፍየል አለች ወይ ትላለች። ታርዳ እንደሆነ አለች ይበሏት።

አባባ የሞቱ ዕለት እማማ ጠርታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ አባትሽ ነው፣ አንቱ በይው አለችኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተሳሳትኩም። ዛሬ ግን የምለምነው አባቴን አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበረኝን ወንድሜን ነው።

ውድነህ፣ እባክህ እጁን አትጠብቅ። አንተ ላይ ከሳተ ሁለታችሁንም ነው የማጣው።

እህትህ ትርፌ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.