ብርማ ያልሆነችው የአባዬ መኪና

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዛሬም አበላሸሁት። ከመኪና ዕቃ መሸጫ የገዛሁት የቸርኬ ስፕሬይ ክዳኑ ላይ ሲታይ ቁርጥ የአባዬን መኪና ነው። በምሠራት ትንሽ የፕላስቲክ ሞዴል ላይ ስነፋው ግን ብልጭታው ሁሉ አሸዋ አሸዋ አከለ። ከስንዝር ብዙም በማትበልጥ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ብልጭልጭ! የሙሽራ ጥፍር መሰለች። ተመልሼ ሄጄ ሻጩን ደቀቅ ያለ የለህም ወይ ብለው “ሜታሊክ ያው ሜታሊክ ነው እህቴ” አለኝ። አይደለም! መኪናዋ ስታንስ ብልጭታውም አብሮ ማነስ አለበት። ይሄን ለማን ላስረዳ?

አባዬ በዚያች መኪና ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሰው እያመላለሰ ነው ያሳደገን። ባለፈው ክረምት ግላኮማ የጎን እይታውን ስለወሰደበት ሐኪሙ መንዳት ከለከለው። ትሸጥ ብዬ የጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ። ከተሸጠች ወዲህ ለእኔ ያለው ቃል “እህ” እና “እሺ” ብቻ ነው። እናም ከስልክ ጥገናዬ በተረፈኝ ሰዓት ትንሿን እየገጣጠምኩለት ነው። ቅርጿ ደርሷል። ቀለሟን በትክክል ካላመጣሁት ግን የሰው መኪና ነው የምሰጠው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የትናንቱን ቀለም በቲነር አነሳለሁ ብዬ ጣሪያዋን አቀለጥኩት። ቲነር ፕላስቲክ እንደሚበላ አላውቅም? አውቃለሁ። ቸኩዬ ነው። በስቱኮ ሞላሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ የጣቴም ቆዳ አብሮ ሄደ።

ከእንግዲህ በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ሳልሞክር ሞዴሏን አልነካም። “ክሮም” የሚለውን ሞከርኩ፦ አዲስ ድስት። “ብር” የሚለውን ሞከርኩ፦ የቤት ቆርቆሮ። ያው ብር ጥቁር መደብ ላይ በስሱ ሲነፋ ትንሽ መኪና መኪና አለ። ትንሽ።

እማዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ገባች። “ቤቱን ጋራዥ አደረግሽው እኮ። ደግሞስ ለማን ብለሽ ነው? ዓይኑ እንደሆነ...” አለችና ተወችው። ተናደድኩ። ከጎን የሚመጣውን ነው እንጂ ፊት ለፊቱ ያለውንማ ከእኔ አጥርቶ ያያል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ጋራዥ ሄድኩ። ጋሽ ሙሉጌታ የሚባለው ቀለም ቀቢ ማንኪያዎቼን ሲያይ “ምሳ ይዘሽ መጣሽ?” ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ግን ከልቡ ረዳኝ። ካሉት የብር ቀለሞች ሁሉ በጣም የደቀቀውን መርጦ ቀመመ። ልሞክርልሽ ብሎ በራሱ መንፊያ አንዴ ነፋ ሲያደርግ ማንኪያዬ በርራ ግቢው ውስጥ ጠፋች። በመጨረሻ በጠርሙስ ቀዳልኝ።

“በብርማነቷ እርግጠኛ ነሽ?” አለኝ። ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አሳየሁት። አንዱ ላይ ነጭ፣ አንዱ ላይ ሰማያዊ ነገር፣ አንዱ ላይ ግራጫ። ቀኑን ሙሉ የስልክ ካሜራ ስጠግን የምውል ሰው ካሜራ ማመኔ! ግን ራሴስ አላየኋትም እንዴ? ሁልጊዜ ጠዋት ከግቢ ስትወጣ በር የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ብርማ ናት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ጠዋት ጉም። ቀለሙ እርጥበት ይዞ እንዳይደፈርስ እስኪገልጥ ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ በትንሿ መንፊያዬ በስሱ፣ ደግሜ በስሱ ነፋሁት። ተሳካ! ብልጭታው አይታይም፣ ብርሃኑ ብቻ በኮፈኗ ላይ ይንሸራተታል። ብቻዬን ጨበጨብኩ። ነገ ክሊር የሚባለውን የላይ ቫርኒሽ ቀብቼ እጨርሳለሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሞኝ ነኝ። ክሊሩን ቀብቼ ፀሐይ እንዲያገኛት መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። ኅዳር ሲታጠን መሆኑን ረስቼ! ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ እያቃጠለ ነበር። ከሱቅ ስመለስ ክሊሩ ላይ አመድ እንደ ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበታል። አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

ቀና ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል።

“ምንድን ናት?”

“መኪናህ ናት።”

ቀረበ። ፊቱን ቀጥ አድርጎ ጎንበስ አለ። አመዱን ነገሬም አላለው። “የኔ መኪና ብርማ አልነበረችም” አለ።

“አባዬ፣ ብርማ ነበረች!”

“አንቺ ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው ያየሻት። እኔ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የነዳኋት። ወርቅ ወርቅ የሚል ነገር ነበራት።”

ተከራከርን። ጮኸ፣ ጮኽኩ። “ካላመንሽኝ ነገ ጫጫ የገዛት ሰውዬ ጋ ሄደን እንያት!” ብሎ ወጣ። ከተናገረ በኋላ ነው የገባኝ፤ ከክረምት ወዲህ ይሄን ያህል አውርቶኝ አያውቅም። ቢሆንም ብርማ ናት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ማንኪያዎቼን በፌስታል ይዤ ከአባዬ ጋር በሚኒባስ ጫጫ ሄድን። መኪናዋን የገዛት የእህል ነጋዴ ነው። ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ነጭ ሆና!

አባዬ እጁን ጣሪያዋ ላይ አሳረፈ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ደነገጠ። “አባቴ፣ ነጭ ይሻላል ቢሉኝ ነው ያስቀባኋት። ቅር አለዎት?”

“መኪናህ ናት፣ ምን ቅር ይለኛል” አለ አባዬ። ግን ድምፁ ልክ አልነበረም። እጁን ከላይዋ ሳያነሳ ዞራት። እንሂድ ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ የኋላ ጎኗ ጋ ቆመና “የነዳጁን መክደኛ ክፈትልኝ” አለ።

ሰውየው ከፈተው። ቀቢው ውስጡን አልነካውም። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ የድሮው ቀለም እዚያች ጥግ ቁጭ ብሏል። ብር ነው፣ ግን ውስጡ የበሰለ ገብስ አለበት። ማንኪያዎቼን አንድ በአንድ አስጠጋሁ። አንዱም! ሁሉም ከጎኑ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሆኑ።

“እሺ፣ ወርቅ አለባት” አልኩ።

“ምን አልኩሽ!” አለ። ሰውየውም እኔም ሳቅን። እሱ አልሳቀም፤ መክደኛውን ራሱ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። አመድ የያዘውን ክሊር ፈግፍጌ ጨርሻለሁ። የጋሽ ሙሉጌታ ብር ላይ ወርቅማ ቀለም በጠብታ እየጨመርኩ ማንኪያ ላይ እነፋለሁ፣ አባዬ ፀሐይ ላይ ዓይኑ ፊት አድርሶ ያያል። “አነሰ።” “አሁንም አነሰ።” “አበዛሽው! አምባር አደረግሽው!” ትዕግስቴ አለቀ። እሱም እኔን ሰነፍ አለኝ። ከዚያ አንዷን ማንኪያ ይዞ ቆየ፣ አዘንብሎ አያት፣ መልሶ አቀናት። “ይቺ ናት” አለ።

ነፋሱ እንዳይረብሸኝ ጋቢውን ዘርግቶ ቆመልኝ፣ ነፋሁ። ሲደርቅ ጥላ ውስጥ ጠዋት የማያት መኪና ሆነች፤ ወደ ፀሐይ ሳዞራት የሱ ሆነች።

መንፊያዬን እያጠብኩ ሳለ ወንበሮቹ የተጣበቁበትን የሞዴሏን ወለል አንስቶ ሲያገላብጥ ቆይቶ “ወንበሩን ምን አደረግሽው?” አለኝ።

“ግራጫ ነው። ምነው?”

“ቡናማ ነበር እንጂ! ራሴ ያሰፋሁትን ወንበር አላውቅም?”

ተጣብቋል እኮ አልኩት። “ንቀይዋ” አለኝና ምሳውን ሊበላ ገባ።

ወንበሮቹ ሲነቀሉ ይሰበሩ ይሆናል። ደግሞ የትኛው ቡናማ? ልጠይቀው ገባሁ።