እስከ አምስት የሚቆጥርልኝ ሰው

ይድረስ እማዬ ሥራ ስትውል በጀርባሽ አዝለሽ ላሳደግሽኝ ለእህቴ ለእታለም። ጤናሽ እንዴት ነው? የዓይንሽስ ነገር? እማዬ እህል ትቀምሳለች? ባልሽን ጋሼን ያ ሳል ለቀቃቸው? ሰዉ፣ ቤቱ፣ ደጃፉ ሳይቀር እንዴት ሰነበተ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አሰብኩና እጄን ሰበሰብኩ፤ አንቺን መዋሸት ሰልችቶኛል።

እንደምታውቂው ሥራዬ ወለል ላይ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተንበርክኬ ነው የዋልኩት። መንበርከኩ ለጸሎት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጻድቅ በሆንኩ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ከወለል ስነሳ ቀኝ ጉልበቴ ሲጥ ይላል፤ ደረጃ ስወርድ እንደ መርፌ ይወጋኛል። ፎርማኑ እንዳያውቅብኝ፣ እሱ ሲመጣ መነሳቱን ትቼ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ወለሉን እዳብሳለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ አንድ ቀን ጠዋት ካርቶን ሙሉ ሴራሚክ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ እግሬ ከዳኝ። ሴራሚኩ እንክትክት አለ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ፎርማኑ ጉልበቴን አየና ሳትታከም እንዳትመጣ አለኝ። እንጀራዬ ያን ዕለት የተቆረጠ መሰለኝ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራት አንስቶ፣ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚከላከለው ልም አጥንት መሳሳት መጀመሩን ነገረኝ። ገና ጅምሩ ነው፣ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፣ የጭንህ ጡንቻ ሲጠነክር ሸክሙን ይቀበልልሃል ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ።

ባለሙያዋ በአንቺ ዕድሜ ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። አልጋ ላይ አስተኝታኝ ከጉልበቴ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አደረገች፤ ወደ ታች ተጫነው፣ እስከ አምስት ቁጠርና ልቀቅ አለችኝ። ከዚያ አንድ እጇን ጉልበቴ ላይ፣ ሌላውን ተረከዜ ሥር አድርጋ እግሬን ቀስ ብላ አጠፈችው። እታለም፣ እንባዬ መጣ። አመመህ ወይ ብላ ደንግጣ እጇን አነሳች። አዎ አልኳት። አላመመኝም ነበር። እዚህ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ ሰው በእርጋታ ነክቶኝ አያውቅም።

ቤትስ ማን ያግዝሃል ስትለኝ፣ እህቴ አልኳት። አፌ ላይ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ቤት ግን ፎጣውን የምጠቀልለው እኔ፣ የምቆጥረው እኔ፣ ጎበዝ የምለውም እኔው። ድምፄ ከግድግዳው ሲመለስልኝ አፈርኩና ቁጥሩን በልቤ አደረግሁት፤ ከዚያማ ሦስት ላይ መልቀቅ ለመድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያዋ ጡንቻው እንዳልጠነከረ አየችና፣ እህትህን ይዘሃት ና፣ አያያዙን ላሳያት አለችኝ። ምን ልበል? እህቴ ያለችው አገር ቤት ነው፣ እኔ የምኖረው ብቻዬን ነው አልኳት። ቃሉ ጮክ ብሎ ሲወጣ እኔኑ አስደነገጠኝ።

እሷ ግን ሳትስቅብኝ አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ ወደተኙት ሽማግሌ ዞረች። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ጉልበታቸው መሃል መንገድ ላይ ስለሚይዛቸው ታካሚው ሁሉ ፍሬን ይላቸዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እሳቸውም የሚቆጥርላቸው የለም። ባለሙያዋ አጣመረችንና እኔ ለሳቸው፣ እሳቸው ለእኔ መቁጠር ጀመርን። አራት ላይ ሲደርሱ ሆን ብለው ይጎተታሉ። ምነው አባባ ስላቸው፣ ዳገት ነው ልጄ፣ ማርሽ እየቀየርኩ ነው ይሉኛል።

ይኸው ሁለት ወር አለፈ። አሁን ሳልደገፍ ከወንበር እነሳለሁ፤ ደረጃውንም ወጋ ቢያደርገኝም እወርዳለሁ። ፎርማኑ ወደ ግድግዳ ሴራሚክ አዛወረኝና ቆሜ እውላለሁ። የሳሳው ተመልሶ አይበቅልም ብለውኛል፤ ያለውን መጠበቅ ነው። ብቸኝነቱ ግን እንዳለ ነው። ከሕክምናው በኋላ ሽማግሌው ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ እንለያያለን፤ ክፍሌ ስገባ እንዴት ዋልክ የሚለኝ የለም።

እማዬ ስትነሳ ጉልበቴን ትላለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪም ይያት። እሱ ከፈቀደ ፎጣውን ጠቅልይላትና አጠገቧ ቁጭ ብለሽ፣ ጮክ ብለሽ ቁጠሪላት።

ጋሼን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንደምታልፍ እኔ ዋስ ነኝ በያት። ሳላየው ጥርስ ያበቀለውን ትንሹን ጉንጩን ንከሽልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን አልረሳኋቸውም። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ሁለቱንም።

ወንድምሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን