ጨጓራ የተባለው አንጀቴ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወንበር የተመቸ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ ስስቅ ብቻ ስፌቱ ትንሽ ይወጋኛል፣ መሳቄን ግን አልተውኩም። የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው፤ ምስጋናው ስለበዛ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. የተመላላሽ ክፍልዎ «ጨጓራ» የሚል ማኅተም አስቀርጾ የሐኪሞቹን እጅ ከድካም ስላዳነ አመሰግናለሁ። በአራት ቀን ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቴም ተመትቶልኛል፤ የመጨረሻውማ ገና ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ ነበር። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ የቀመስኩት ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ እየወጣ፣ ያንኑ ነጭ ሽሮፕ ይዤ እመለሳለሁ። ታላቅ እህቴ በመጨረሻ «ለመሆኑ የዚህች ልጅ ጨጓራ ስንት ነው?» አለች።

፪. አዲሷን ቀዶ ሐኪም ስለቀጠሩልን። በመጨረሻ እህቴ ድንገተኛ ክፍል ስታስገባኝ እሷ እጅ ገባሁ፤ ማኅተሙ የት እንደሚቀመጥ ገና ስላልተነገራት ነው መሰል፣ ሆዴን በእጇ ነካችው። ከዚህ በፊት ተቀድጄ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልተቀደድኩም። ተቀዶ የማያውቅ፣ ቡአም የሌለበት ሆድ አንጀቱ እንዲህ ከተዘጋ ውስጡ ያልተለመደ ነገር አለ ብላ፣ ራጅ አስነስታ በዚያው ቀን ከፈተችኝ። ለካ ከእናቴ ማኅፀን ይዣት የመጣኋት አውራ ጣት የምታህል ከረጢት ቀጭኑ አንጀቴ ላይ ተንጠልጥላ ኖራለች። ከእሷ እስከ እምብርቴ በተዘረጋ ጅማት ላይ አንጀቴ ተጠምጥሞ ጠቁሯል። የጠቆረውን ስንዝር ያህል ከነከረጢቱ ቆርጣ፣ ደህናውን ከደህናው ቀጠለችው። ግማሽ ቀን ብትዘገይ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልዎ እህቴ ነበረች፤ እሷ ደግሞ እንደኔ ጨዋ አይደለችም።

፫. ለዶክተሯ ስለጻፉላት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ጥፋቷ ካርዱ ላይ ጨጓራ ተብሎ ሳለ፣ ያለ ቦርድ ውሳኔ አንጀት ማከሟ ነው አሉ። ቦርዱ የሚሰበሰበው ማክሰኞ፣ አንጀቴ የጠቆረው ሐሙስ፤ ሥርዓት አለማወቄን ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ማስጠንቀቂያ ከተጨመረባት እንደምትሰናበትም ሰምተናል። እንግዲህ አንጀቴን የቆረጠችልኝ እሷ ናት፤ እርስዎም ያችን አንዲት ወረቀት ቢቀድዱልን ምን ይጎድልብዎታል? በአንድ ክፍል የተኛን ዘጠኝ ሴቶች ከታች ፈርመናል፤ መነሣት ያልቻለችውም ተኝታ ፈርማለች።

በአንጀቷ ስንዝር ያህል ያጠረች፣ በአክብሮቷ ግን የረዘመች፣
የአልጋ ቁጥር ዐሥራ አራቷ ጨጓራ

ማሳሰቢያ፦ ሰሞኑን እርስዎንም ሆድዎን ይቆርጥዎታል ሲሉ ሰምቼ ዶክተሯን ጠይቄያት ነበር፤ በደስታ አይዎታለሁ ብላለች። ብቻ እሷን ከማባረርዎ በፊት ቶሎ ይምጡ።