በካፖርትህ የተለካው ሽጉጥ

አባዬ፣

ከተለየኸን አሥር ወር ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብትመልስልኝ አጥሩን ዘልዬ የምሮጥ ልጅ መሆኔን ታውቃለህ። ከዘመዶቻችን ልጆች ሁሉ አባቷን አንተ የምትል እኔ ብቻ ነበርኩ። አክስቶቼ ሲቆጡኝ አንተ ትስቅ ነበር። ስለዚህ መሬት ውስጥ ገባህ ብዬ አሁን እርስዎ አልልህም።

የቤቱ ወሬ ይህ ነው። ውሻችን ሸምግሎ ጅብንም ዘመድንም በእኩል ዝምታ ይቀበላል። ዳማው ፈረስህ ማንንም አላስቀምጥም እንዳለ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል። ለከሰል የተከልከው የዲከረንስ ዛፍ ከጣራው በልጧል። ከመንገዱ ላይ ሆነው ሲያዩት ዛፍ አይመስልም፤ ቤቱን ከጀርባ ቆሞ የሚመለከት ሰው ይመስላል። የእንጅባራ ጭጋግም እንደምታውቀው ነው፤ ሲፈልግ በጠዋት፣ ሲፈልግ በእኩለ ቀን ሳያስፈቅድ ይገባል። እኔ ደግሞ አድጌያለሁ። ቁመቴ ልክ አንተን አክሏል። ይህን ሁሉ የምጽፍልህ በዚሁ ቁመቴ ምክንያት ነው።

የከሰል ንግድህን እማዬ ይዛዋለች። መጀመሪያ ዘመድ ሁሉ አይሆንላትም ብሎ ነበር። ሆነላት። ከአንተም ሳትሻል አትቀርም፣ ይቅር በለኝ። በገበያ ቀን ዳንግላ ወርዳ፣ የሸጠችበትን በመቀነቷ ቋጥራ በሚኒባስ ትመለሳለች። ችግሩ መንገዱ ነው። በቅርቡ አንዲት የጥሊሊ ድንች ነጋዴን ዘራፊዎች ከመኪና አስወርደው የያዘችውን ሁሉ ወሰዱባት፤ እሷንም የዲከረንስ ጫካ ውስጥ ጥለዋት ሄዱ። በሕይወት ተገኝታለች፤ ግን እስካሁን ቃል አልወጣትም ይላሉ። እማዬ ይህን በሰማች በሚቀጥለው ገበያ መቀነቷን አጥብቃ ወጣች። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ምን እንደተማርን ብትጠይቀኝ አላውቅም። በመስኮት መንገዱን ሳይ ነው የዋልኩት።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ናቸው፤ ግን እንደ ሃያ ያወራሉ። አንዱ ታላቅ ወንድምህ አያ ዳኛው ናቸው። ሌላው ጎረቤታችን አሥር አለቃ ሙላት ናቸው፤ ውትድርናውን ሲተዉ እኔ አልተወለድኩም ነበር፣ ዛሬም ግን ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ባንዲራ ሊሰቅሉ የሚሄዱ ይመስላሉ። አያ ዳኛው ሊሰድቧቸው ሲፈልጉ በአዊኛ ይናገራሉ። አሥር አለቃ ዕድሜያቸውን እዚህ ፈጅተው ከአዊኛ የሚያውቁት ስድቡን ብቻ ስለሆነ ሁሉም ይገባቸዋል።

ሁለቱ መክረው የደረሱበት ውሳኔ እማዬ ሽጉጥ ትታጠቅ የሚል ሆነ። በግልጽ አይደለም፣ ተደብቆ። አሥር አለቃ እንዳስረዱኝ ዘራፊ አንድ ሰው መታጠቁን ካየ መጀመሪያ የሚመኘው ያንኑ ሽጉጥ ነው፤ ስለዚህ መታየት የለበትም። ፈቃዱን እኔ አስጨርሳለሁ አሉ አያ ዳኛው። የቀረው መምረጥ ነበር። ከወዳጅ ከዘመድ ሦስት ሽጉጥ ተዋሱ፤ እማዬ ወደ ዳንግላ የምትሄድበትን ቀን ጠብቀው ቤታችን ገቡ። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ደግሞም ተጠይቃ እሺ ብትል እንኳ መበለት ወገብ ላይ ሽጉጥ የሚለካ ወንድ ከሁለቱ አልተገኘም። ስለዚህ እኔን አቆሙኝ።

ምን ለብሳ ትሸፍነዋለች በሚለው ጥቂት ተጨቃጨቁና ዓይናቸው ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ አረፈ። ያንተ ጥቁር ካፖርት። ከለቅሶህ ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም። ወፍራም ነው፣ ረጅም ነው፣ ለእማዬ ግርጌው ይታጠፍላታል አሉ። እኔ ለበስኩት። አባዬ፣ ትከሻው ልኬ ነበር። እጅጌው ልኬ ነበር። ዘጠኝ ወር ተንጠልጥሎ የከረመ ልብስ ደግሞ ሞቅ ብሎኝ ነበር። ከምድጃው ስለሚጠጋ ነው አልኩ ለራሴ። ምድጃው በዚያ በኩል አይደለም።

አሥር አለቃ እያንዳንዱ ሽጉጥ ጥይት አለመያዙን ሦስት ሦስቴ እያዩ ትምህርት ጀመሩ። የመጀመሪያው የራሳቸው ዘመን የጦር ሽጉጥ ነበር። ውስጥ ኪሴ ሲገባ ካፖርቱ በአንድ ጎን ወረደ፤ አፈሙዙ ከታች በኩል ብቅ አለ። ይህ የሚደበቀው ጎተራ ውስጥ ነው ብላቸው ጠመንጃ ያላየች ልጅ ብለው ተቀየሙ። ሁለተኛው አጭር ነው፤ ግን ጥይቱ የሚገባበት ክብ ሆድ አለው። ወገቤ ላይ ሲያስሩት ፊት ለፊት አበጠ። እማዬ በዚህ ሁኔታ ገበያ ብትወጣ ባሏ በሞተ በዘጠኝ ወሯ ምን እንደሚወራ አስታወስኳቸው። ሁለቱም እኩል አፈሩ። ደግሞ ከኋላው ያለችው የመምቻው ቀንድ ነጠላዋን ትይዛለች፣ ስትመዘው ከነጠላው ጋር ነው የሚወጣው አሉ አሥር አለቃ፣ ሐሳቡ የራሳቸው እንደሆነ ሁሉ።

ሦስተኛውን አያ ዳኛው ከጨርቅ ፈትተው አወጡ። ግምጃ ቤት ከተማ ያለ ወዳጄ ያዋሰኝ ነው አሉ። ጠፍጣፋ፣ ቀጭን፣ ቀንድ የሌለው፣ እጀታው በእጅ ብዛት የለሰለሰ። አሥር አለቃ አገላብጠው አዩትና ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ትምህርት ሰጡኝ። ውስጥ ኪሱ ውስጥ ልከተው እጄን ስሰድ ጣቶቼ ሌላ ነገር አገኙ። በግራ በኩል፣ ገበሩ ሥር፣ ሌላ ኪስ ነበር። ከኮርቻ ቆዳ የተሰፋ፣ ለስላሳ፣ አፉ ወደ ፊት ያዘነበለ። ሽጉጡን ወደዚያ አስጠጋሁት። አልገፋሁትም አባዬ። ገባ። ድምፅ አልሰማሁም። ከመንገድ የተመለሰ ሰው ወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ ተቀመጠ። ካፖርቱም ያን ጊዜ ገላዬ ላይ ረጋ፤ አንተ ለብሰኸው ሁሌ ወደ ግራ ዘንበል ይል የነበረው ለዚህ ኖሯል።

ቀና ብዬ አያ ዳኛውን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

አሥር አለቃ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። እስቲ ተቀመጪ፣ እስቲ ጎንበስ በይ፣ እስቲ ባጃጅ አስቁሚ አሉኝ። ምንም አይታይም፣ የትም አይቆረቁረኝም። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቼ እንድራመድ አዘዙኝ፤ ከሩቅ ሊያዩኝ።

ስንወጣ ጭጋጉ ወርዶ አጥሩ ጠፍቷል። ውሻው ጅራቱን መሬት ላይ መታ፤ ለእኔ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። አንዲት ሴት በአጥሩ ማዶ ስታልፍ ጥላዬን አይታ ነው መሰለኝ፣ እንዴት ዋልክ ብላ ስምህን ጠርታ አለፈች፤ ጥቂት ሄዳ እርምጃዋ ቆመ፣ ከዚያ በሩጫ ራቀ። ልስቅ ነበር። የዳማውን ኮቴ ስሰማ ሳቁ ቀረ።

ለቅሶህን ታስታውሳለህ? ሞኝ ጥያቄ ነው፤ አንተ አልነበርክበትም እንጂ ስላንተ ነበር። እንደ ፈረሰኛ ወግ ካፖርትህን በኮርቻው ላይ ደርበው ዳማውን በዝግታ አደባባዩን ሲያዞሩት፣ ሕዝቡ ከኋላው ደረቱን ሲመታ ነበር የዋለው። ያን ቀን ይስበው የነበረ ሰው ነበር። አሁን ማንም አልያዘውም። ከጭጋጉ ወጥቶ አጠገቤ መጣ፣ ካፖርቱን አሸተተ፣ አንገቱን ደፍቶ ግቢውን መዞር ጀመረ። ያንኑ እርምጃ። እኔ ለምን እንደተከተልኩት አላውቅም፤ እግሬ ነው የተከተለው። አንድ ዙር ስንጨርስ ሽማግሌዎቹ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አሥር አለቃ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። የአያ ዳኛው ቀኝ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ደረታቸው ወጣ። እነሱ ሲቆሙ፣ ፈረሱ ሲዞር፣ የሚለቀስለት ሰው ማን እንደሆነ ገባኝ። ካፖርቱን የለበሰው ነው። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ የምትለብሰው እማዬ ነበረች።

እማዬ ያን ቀን በጭጋጉ ምክንያት መኪና አጥታ ከመናኸሪያ ተመልሳ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ስንዞር አይታናለች፤ ስንት ዙር እንዳየች አልነገረችኝም። አልጮኸችም። ዳማውን በጋማው ይዛ አቆመችው፤ ከዚያ እኔን ሳይሆን ካፖርቱን እያየች፦

«አውልቂው» አለች።

አወለቅኩት። ሳትዳብስ እጇን በቀጥታ ወደዚያ ኪስ ሰደደችና ሽጉጡን አወጣች። ያን ጊዜ ነው ኪሱን የሰፋችው እሷ መሆኗን ያወቅኩት። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ፣ አንተ ንግዱን የጀመርክ ሰሞን፣ ከአሮጌ ኮርቻ ቆርጣ ነው የሰፋችልህ። አያ ዳኛው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ ብርዱ ነው አሉ። ቀስ እያሉ ተናገሩ። ግምጃ ቤት ወዳጅ የላቸውም። ሆስፒታል ልብህ የቆመ ዕለት፣ ገናዦቹ ሳይመጡ ሽጉጡን ከጎንህ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሚስቱ ሳታውቅ ትቅር ብለው ደበቁት። ወንድሜን ጠብቆታልና እሷንም ይጠብቃት ብለው መልሰው አመጡት። እሷ ደግሞ ካፖርቱ ባዶውን ሲመጣ አብሮህ የተቀበረ መስሏት ተገላግያለሁ ብላ ኖራለች።

እማዬ አልተቆጣቻቸውም። ሽጉጡን በጨርቁ ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ስትናገር እንግዳ የምትሸኝ ይመስል ነበር፦

«አያ፣ እኔና ወንድምዎ ሁለት ሆነን ኖረን አናውቅም። ሦስት ነበርን። ሁለቱ ሄደውልኛል፤ አንዱን ብቻ መልሰው አያምጡብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ የቀረውን ለእኔ ነገረችኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከአጥሩ ውጭ ዛፉ ሥር የምትቀረው ሰዎች እንደሚሉት ኩራተኛ ስለሆንክ አልነበረም፤ ይዘኸው መግባት ፈርተህ ነው፣ ትተኸው መውጣትም አልቻልክም። ሰው ቤት ጀርባህን ለበር ሰጥተህ አትቀመጥም ነበር። እኔ ደግሞ ትንሽ ሆኜ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ስመጣብህ በመዳፍህ ገታ አድርገህ ወደ ቀኝህ ታዞረኝ ነበር። ማቀፍ የማይወድ አባት ነው ያለኝ ብዬ ነው ያደግኩት። ለጓደኞቼም እንዲያ ብዬ ነግሬአቸዋለሁ፤ እያሳቅኩ። ግራ ጎንህ የእኔ አልነበረም አባዬ። የዚያ የቀጭኑ ነበር። ተመርጦ ተመርጦ የማይታየው ተገኘ፣ እኛም እውነትም አላየነውም፤ ያየነው ከእሱ የተረፈውን አንተን ነው።

አሁን እማዬ ያለ ሽጉጥ ትሄዳለች። አያ ዳኛው ሽጉጡን ለሚመለከተው ቢሮ አስረክበው በየገበያው ከጎኗ ይቀመጣሉ፤ ደርሰው እስኪመለሱ ያንኮራፋሉ። አሥር አለቃ ነጋዴዎቹን ሴቶች ሁሉ በአንድ ሚኒባስ ሰብስበው እሳቸው ጋቢና ይገባሉ፤ ሾፌሩን መሪ አያያዝ ሊያስተምሩት ሲሞክሩ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥሏቸው ሊሄድ ነበር። ገንዘቡ በስልክ ይላካል። አያ ዳኛው ስልክ ውስጥ የገባ ብር አይታመንም ብለው መልእክቱ ሲመጣ በመነጽር ሁለቴ ያነቡታል። ይህ ከሽጉጥ ይሻላል ወይ? አላውቅም። ዘራፊ ሲመጣ የሁለት ሽማግሌ ሳልና የአሥር ሴት ጩኸት ምን እንደሚያደርግ ገና አልታየም። ዛሬም ገበያ ነው፣ ጭጋጉ ወርዷል፣ እማዬ አልተመለሰችም፤ ይህን የምጽፈው ጆሮዬን መንገዱ ላይ ጥዬ ነው። ግን ስትመጣ በየትኛውም ጎኗ ብሮጥ ታቅፈኛለች። ይህን አውቃለሁ።

ቆዳውን ኪስ ራሷ ተረተረችው። ካፖርቱን እኔ ወሰድኩት። ባዶውን ሆኖ አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በጭጋግ ስሄድ ደግሞ አንድ ነገር ጎኔን ቀስ ብሎ ይነካኛል፤ ስዳስሰው ምንም የለም። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። አሁን እዚያው ላይ እጄን አደርጋለሁ። ሌሎች ሲያስታውሱህ ፈረስህን ያነሳሉ፣ ሳቅህን ያነሳሉ፤ ያንን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ። እኔ እስካረጅ ድረስ አንተን ሳስብ የምመጣው በግራህ በኩል ነው። አትግታኝ እንግዲህ፤ ቦታው ተለቋል።

ልጅህ ማስተዋል